የአባታችን ግቢ ላይ ፎቅ ካልሆነ አትሰሩም ተባልን፣ ህጉ ቢነሳ የደሴ ኪራይ ይቀንሳል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ጠያቂው የደሴ ልጅ ነው፣ አስተማሪ፣ እዛው ደሴ ሮቢት ሰፈር ሁለት ክፍል ሰርቪስ ተከራይቶ ከባለቤቱና ከልጁ ጋር ይኖራል፣ ከደመወዙ ከግማሽ በላዩ ለኪራይ ነው የሚሄደው። አባቱ ዋና መንገድ ዳር 280 ካሬ ነባር ይዞታ አላቸው፣ ላዩ ላይ ያለው አሮጌ ጭቃ ቤት ነው። ሶስት ወንድማማቾች ገንዘብ አዋጥተው ጭቃውን አፍርሰው ለጊዜው ምድሩን ብቻ በብሎኬት ሰርተው ሊገቡ አሰቡ፣ ፈቃድ ሊያወጡ ሲሄዱ "ይሄ መስመር በፕላኑ ጂ ፕላስ 4 ነው፣ ከዛ በታች አይፈቀድም" ተባሉ። ጂ ፕላስ 4 ማለት ምድሩና ከላዩ አራት ወለል ነው። "ቤት ያስወደደው እንዲህ አይነቱ ህግ ነው ወይ? ህጉ ቢነሳስ ኪራይ ይቀንሳል ወይ?" ነው ያለው።

ወንድምዓለም በመጀመሪያ አብሽር። ጥያቄህን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት፣ እኔም የደሴ ሸዋ በር ልጅ ነኝ፣ ያደግኩት እንደናንተው ባለ ጭቃ ቤት ውስጥ ነው፣ እንጀራዬ ደሞ የከተማ ፕላን ነው፣ ከአስር አመት በላይ ሰርቼበታለሁ። ስለዚህ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሰኝ። መልሱ አዎ ነው፣ የመሬት አጠቃቀም ህግ ቤት ያስወድዳል። ግን ሁሉም ህግ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ባይኖር ኖሮ ጦሳ ተራራ ስር በየክረምቱ ለቅሶ እንቀመጥ ነበር። እናንተን ያገዳችሁ ግን ከዛኛው ወገን አይደለም።

ነገሩን ከስሩ እንየው። ውጭ አገር ስለ ቤት ውድነት ሲከራከሩ ብዙውን ጊዜ የሚጣሉት "ከዚህ ከፍታ በላይ እንዳትሰራ፣ እዚህ ሰፈር የአንድ ቤተሰብ ቤት ብቻ" ከሚል ህግ ጋር ነው። እኛ ጋ ዋና መንገድ ዳር የሚያስቸግረው ግልባጩ ነው፣ "ከዚህ በታች እንዳትሰራ" የሚለው። ሲያዩት እንደውም ቤት የሚያበዛ ይመስላል፣ አምስት ወለል ስራ እያለ ነዋ። ሀሳቡም ክፉ አይደለም፣ ውሃውም መብራቱም አስፋልቱም የደረሰው መሬት በአንድ ምድር ቤት አይባክን፣ ከተማዋም ገፅታ ይኑራት ነው። ችግሩ ፕላን ፎቅ ማዘዝ ይችላል እንጂ ፎቁን የሚያቆም ብር አብሮ አይሰጥም። አቅሙ ለምድር ቤት የሆነውን ሰው ጂ ፕላስ 4 ስራ ስትለው ምንም አይሰራም። ጭቃው ቤት ዘመም ብሎ ይቀመጣል፣ አባትህ እዛው ያረጃሉ፣ እናንተ ሶስታችሁ ደሞ ሮቢት ሄዳችሁ ከሌላው ተከራይ ጋር ትሻማላችሁ። በአንድ ግቢ ሶስት መኖሪያ ጠፋ፣ የኪራይ ገበያው ላይ ደሞ ሶስት ቤተሰብ ተጨመረ ማለት ነው። ይሄንን በመንገዱ ግራና ቀኝ ባሉ ግቢዎች ሁሉ አባዛው።

ወጪው እንዴት እንደሚዘል ላሳይህ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚመስለው ወለል በጨመረ ቁጥር ብሩም በእኩል የሚጨምር ነው። በ2001 የወጣው የህንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ህንፃን በሶስት ምድብ ከፍሏል። ምድብ ሀ ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ መኖሪያ ቤት፣ እንዲሁም በተሸካሚዎቹ መሀል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ወለል ህንፃ ነው፣ ይሄ ቀላሉ ነው። ምድብ ለ ከዛ ከፍ ያለው ነው። ምድብ ሐ ደሞ ህዝብ የሚገለገልበት ህንፃ፣ ፋብሪካና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሁሉ ነው። አሁን ቁጠር፣ ጂ ፕላስ 4 ማለት አንዱን ወለል 3 ሜትር ብትይዘው 15 ሜትር ነው። በአንድ ዝላይ ከምድብ ሀ ወጥተህ ምድብ ሐ ውስጥ ገባህ። አርክቴክት፣ የስትራክቸር መሀንዲስ፣ የሳኒተሪና የኤሌክትሪክ ዲዛይን፣ የአፈር ምርመራ፣ ደረጃ ያለው ኮንትራክተር፣ አማካሪ፣ ሁሉም በየተራ ይመጣል፣ ገና ብረትና ሲሚንቶ ሳትገዛ ነው ይሄ። ፋውንዴሽኑም የሚቆፈረው የሚሸከመውን ታይቶ ስለሆነ ለአምስት ወለል የሚሆን ፋውንዴሽን ለናንተ አይነት ምድር ቤት የታሰበውን ብር መሬት ውስጥ ቀብሮት ሊቀር ይችላል። እነዚህ መስፈርቶች ለረጅም ህንፃ ተገቢ ናቸው፣ እነሱን ሳያሟላ የቆመ ፎቅ ስር እኔ ልጆቼን አላሳድርም። የሚያንገበግበኝ ረጅም ህንፃ ባልጠየቀ ሰው ላይ በግድ ሲጫን ነው።

ይሄን የምልህ ዳር ቆሜ አይደለም። ስራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ከተማ ውስጥ የአካባቢ ልማት ፕላን (የአንድን ሰፈር መንገድና የህንፃ ከፍታ በዝርዝር የሚወስነውን) ስናዘጋጅ አንዱን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ "ጂ ፕላስ 3 እና በላይ" ብለን ቀለም የቀባነው እኛ ነን። በወረቀት ላይ በጣም ያምር ነበር። አንድም ሰው ቤት ገብተን እርስዎ ምን ያህል አቅም አለዎት፣ ከየት ይበደራሉ ብለን አልጠየቅንም። ከስምንት አመት በኋላ በዛው መንገድ ሳልፍ ያው ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ ያው የዘመመ ግድግዳ፣ አዲስ የቆመው አንድ ህንፃ ብቻ፣ እሱንም ባንክ ተከራይቶታል። እዛ ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት "ልጄ ጣራዬ ያፈሳል፣ ላድሰው ስላቸው ፎቅ ካልሆነ አሉኝ" ሲሉኝ ያን ለሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዛ ወዲህ አንድ የፕላን ህግ ፊቴ ሲመጣ የምጠይቀው ይሄ ህግ ማንን ከምን ያድናል ብዬ ነው። መልስ ካለው ይቆይ፣ እኔም እሟገትለታለሁ። መልሱ ከተማዋን ያሳምራል ብቻ ከሆነ ግን የውበቱን ሂሳብ የሚከፍለው ማነው የሚለው ቀድሞ ይነገረን።

መልስ ካላቸው ህጎች ልጀምር። ደሴ ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በጦሳና በአዝዋ ገደል መሀል የተሸጎጠች ከተማ ናት፣ ይሄን ላንተ መንገር አያስፈልገኝም። ጦሳ ስር ያለው አፈር አብዛኛው ባለበት የተፈጠረ አይደለም፣ ከላይ ከተራራው እየተንሸራተተ ወርዶ የተከማቸ ነው፣ ከስሩ ጥቁር ድንጋይ አለ። ክረምት ላይ ውሃው በአፈሩ ሰርጎ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ መውረጃ ያጣል፣ መሀላቸው ይሟልጣል፣ ከዛ አፈሩ ከነተሸከመው ነገር ይዞ ይወርዳል። ሰው ደሞ ቤት ሊሰራ ዳገቱን ከስር ሲቆርጠው እግሩን እንደቆረጠው ነው፣ የሽንት ቤት ጉድጓዱና ዝም ብሎ የሚለቀቀው የእጣቢ ውሃ ክረምት በጋ ሳይል አፈሩን ያረጥበዋል። ስለዚህ እዚህ ዳገት ላይ አትስራ፣ ከቦርከና ወንዝ ዳር ይህን ያህል ራቅ፣ የድጋፍ ግንብ ሳትሰራ አትቁረጥ፣ ውሃውን በዲች (በቦይ) አውጣ የሚሉ ህጎች ቤት ቢያስወድዱም መነሳት የለባቸውም። ኮምቦልቻም ሜዳ ናት ብለህ እንዳትንቃት፣ ቦርከና ሲሞላ ሜዳው ላይ የሚሆነውን ወንዙ ዳር ያሉ ሰዎች ይነግሩሃል፣ ኤርፖርት ዙሪያም የህንፃ ከፍታ የሚገደበው ለውበት አይደለም።

ግን እዚህ ጋ ነው ሰው የማያስተውለው። ዳገቱ ከተከለከለ፣ ወንዝ ዳሩ ከተከለከለ፣ ደሴ የቀራት ሜዳ ትንሽ ነው፣ ገራዶ፣ ጢጣ፣ ወደ ቦሩ ሜዳ ያለው። ያ ሜዳ በስስት መያዝ ነበረበት። ሜዳው ላይ ሰፋፊ ቦታ እየሸነሸንን፣ ትልልቅ ቤት እያዘዝን፣ በዝግታ እየለቀቅን ስንሄድ ያልደረሰው ሰው የትም አይጠፋም እኮ፣ ሌሊት ሌሊት ሰርቶ ዳገቱ ላይ ይወጣል። ጨረቃ ቤት የምንለው እኮ እሱ ነው። ሜዳው ላይ ያለው ህግ በጠበቀ ቁጥር ዳገቱ ላይ ያለው ህግ ይጣሳል፣ ያም ማለት ለውበት የወጣው ህግ ለህይወት የወጣውን ህግ እያፈረሰው ነው። አንድ የማፍረስ ዘመቻ ላይ ቆሜ አይቻለሁ፣ ፈራሹም አፍራሹም ያሳዝናሉ፣ ሁሉም ግን እዛ የተደረሰው ከየት ተነስቶ እንደሆነ ረስቶታል።

የቦታ ስፋት ነገር ደሞ በቁጥር ካልታየ አይገባም። በአገር ደረጃ የፕላን መስፈርቱ 30 30 40 ነው የሚባለው፣ ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ። ለከተማው በጥቅሉ ነው እንጂ ለእያንዳንዱ ሰፈር አይደለም፣ ግን ለስሌት በአንድ ሄክታር ላይ እናስበው። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ነው፣ ለግንባታ የሚተርፈው 4,000። 200 ካሬ እያደረግክ ብትሸነሽነው 20 አባወራ፣ 100 ካሬ ብታደርገው 40፣ 80 ካሬ ብታደርገው 50 አባወራ ይገባበታል። መንገዱ፣ የውሃ መስመሩ፣ የመብራት ምሰሶው፣ ለገበሬው የተከፈለው ካሳ ሁሉ ያው ነው፣ የሚከፋፈለው ለ20 ነው ወይስ ለ50 ነው እንጂ። የቦታው ዋጋ የሚወሰነው ገና ሽንሻኖው ላይ ነው፣ ደላላ ጋ ሳይደርስ።

ሽንሻኖውን ብቻ ማሳነስም አይበቃም፣ ሴት ባክ አለ፣ ከወሰን ፈቀቅ ብለህ ስራ የሚለው። ለምሳሌ 10 በ20 የሆነ 200 ካሬ ላይ ከግራና ከቀኝ 2 ሜትር፣ ከፊት 3፣ ከኋላ 2 ሜትር ልቀቅ ቢባል የሚቀርህ 6 በ15 ነው፣ 90 ካሬ፣ ይኖራል በዛ። ይሄንኑ ህግ ወስደህ 7 በ14 የሆነ 98 ካሬ ላይ ጫነው፣ የሚቀረው 3 በ9 ነው፣ 27 ካሬ! ቦታው በግማሽ ቢያንስ ቤቱ ከሶስት እጅ ወደ አንድ እጅ ወረደ። ስለዚህ ትንሽ ቦታ ስትሰጥ አብረህ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቆ የሚሰራ ቤት መፍቀድ አለብህ፣ መስኮቱ በፊትና በኋላ ሆኖ፣ የእሳት መከላከያ ግድግዳ መሀል ገብቶ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያሉትን አሮጌ የንግድ ቤቶች አስታውሳቸው፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው አይደል የኖሩት፣ ማንም ከተማውን አበላሹት አላላቸውም።

ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካን አገር ሂውስተን የምትባል ከተማ ውስጥ ለአንድ ቤት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ የቦታ ስፋት 5,000 ስኩዌር ፊት ነበር፣ በኛ 465 ካሬ ገደማ። በፈረንጅ 1998 መሀል ከተማው ላይ ወደ 1,400 ስኩዌር ፊት አወረዱት፣ 130 ካሬ ማለት ነው፣ በ2013 ደሞ ወደ ቀረው የከተማው ክፍል አሰፉት። በቃ አንድ አሮጌ ቤት የነበረበት ቦታ ላይ ሶስት አራት ጠበብ ያሉ ቤቶች ጎን ለጎን መቆም ጀመሩ፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ቤት በዚህ መንገድ ተሰራ። ሂውስተን ከኛ ጋር አትወዳደርም፣ እዛ መሬት በግል ይሸጣል ባንኩም ያበድራል፣ ግን አንድ ነገር ታሳያለች፣ ህጉ ሲወርድ ለመስራት ተዘጋጅቶ የቆመ ሰው እንደነበረ።

መሬት ካልን አይቀር የኛን ታሪክ ትንሽ ልንካው ምክንያቱም ያንተ ጉዳይ ከዛ ነው የሚመዘዘው። በ1967 በሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግስት አደረገ። ለመኖሪያ ከ500 ካሬ በላይ መያዝ ቀረ፣ ወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዛ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ሄደ። ያን ጊዜ ብዙ ተከራይ እፎይ አለ፣ እውነት ነው፣ እናቴም የቀበሌ ቤት ካገኙት አንዷ ነበረች። ግን ለኪራይ ብሎ ቤት መስራት በዛው ቆመ፣ የቀበሌ ቤትም ኪራዩ ለጥገና የማይበቃ ሆኖ አርጅቶ አረፈው፣ ደሴ አራዳ አካባቢ ገባ ብለህ ማየት ነው። ከዛ ሊዝ መጣ፣ ህገ መንግስቱም አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው አይሸጥም አይለወጥም አለ፣ ቀጥሎ የሊዝ አዋጅ 721/2004 ወጣ፣ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ እንዲሰጥ፣ ለመኖሪያ 99 አመት።

እዚህ ላይ የኔ አስተያየት ግልጽ ነው። መሬት ይሸጥ አይሸጥ የሚለው ክርክር ሌላ ቀን ይሁን፣ ግን አንድ አቅራቢ ብቻ ካለ ያ አቅራቢ በብዛት የማቅረብ ግዴታ አለበት። ማዘጋጃው በአመት ጥቂት ቦታ ለጨረታ ካወጣ ለጥቂት ቦታ ብዙ ሰው ይሻማል፣ አሸናፊው የሰጠው ዋጋ በማግስቱ የሰፈሩ ዋጋ ይሆናል፣ ካርታ ያለው ነባር ባለይዞታ ሁሉ "እገሌ ጋ በዚህ ወጥቷል" ብሎ የራሱን ይሰቅላል። ለከተማውም ሊዝ ገቢ ነው፣ መንገድና ድልድይ የሚሰራበት፣ ስለዚህ ዋጋው ሲወጣ አይከፋውም። በሌላ በኩል ደሞ ማዘጋጃውን ብቻ መውቀስ ልክ አይደለም፣ ከገበሬ መሬት ሲወስድ በ2011 በወጣው የካሳ አዋጅ 1161 መሰረት በቋሚነት ለሚነሳ ሰው የአመት ገቢው 15 እጥፍ ይከፈላል፣ ይገባዋልም፣ ገራዶ ላይ አትክልቱን ሲያበላን የኖረው ገበሬ ሜዳ ላይ አይጣልም። ይሄ ማለት ግን ካሳ የሚከፈልበት ብር ሳይኖር አዲስ ቦታ አይመጣም፣ ለዛ ነው የተገኘውን 200 200 እያደረጉ ማደል የማይገባው።

ኮምቦልቻን ለማየት የሀረጎን ቁልቁለት ውረድ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ሐምሌ ሲመረቅ 75 ሄክታር ላይ ያረፈ ነው፣ ጨርቃ ጨርቁና ቢራ ፋብሪካው ደሞ ከዛ በፊት የነበሩ ናቸው። ለፋብሪካ ሼድ መሬት በአንድ ውሳኔ ተገኘ፣ ጥሩ ነው፣ ስራ ያስፈልገናል። ከየገጠሩ የመጣችው ልጅ ግን ሽፍቷን ጨርሳ የምታድረው ሰው ግቢ ውስጥ በተቀጠለ ሰርቪስ ነው፣ ሶስት አራት ሆነው ተጋርተው። እነዛ ሰርቪሶች አብዛኛዎቹ በፕላኑ ላይ የሉም። ህግን በጥብቅ ካየኸው ህገ ወጥ ናቸው፣ እውነቱን ካየኸው ግን በበርበሬ ወንዝና በሸሻ በር ሰፈሮች ደሃውን ያስጠለሉት እነሱ ናቸው። እኔ ብጠየቅ ሰርቪስን ከማሳደድ ይልቅ መስፈርት አውጥቼለት አስመዘግበው ነበር፣ መስኮት ይኑረው፣ ሽንት ቤቱ ለስንት ሰው እንደሆነ ይታወቅ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ይፈተሽ፣ በቃ። ኮሪደር ልማት ላይም ያለኝ ስጋት ይሄው ነው፣ መንገድ ሲሰፋ የሚቆጠረው ከፊት ያለው ሱቅ ነው፣ ከሱቁ ጀርባ ያለችው የምትከራይ ክፍል ግን ተከራይዋ ካርታ ስለሌላት ማንም አይቆጥራትም።

በነገራችን ላይ የምናቅደው ለስንት ሰው እንደሆነ ራሱ ጥያቄ ነው። በ1999 ቆጠራ ደሴ ከተማ 120,095 ኮምቦልቻ 58,667 ሰው ነበራቸው፣ ከዛ ወዲህ ቆጠራ አልተካሄደም። ዩኒቨርሲቲው መጣ፣ ፓርኩ መጣ፣ በ2014 ጦርነቱ ሁለቱንም ከተማ መታቸው፣ ከሰሜን የተፈናቀለው ወገናችን መጥቶ ከፊሉ እዚሁ ተከራይቶ ቀረ። ይሄ ሁሉ ሰው የሚያድርበት ክፍል በፕላን ታስቦ አልተሰራም፣ በየግቢው ጓሮ ነው የተሰራው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ፣ ህጉ ቢነሳ ኪራይ ይቀንሳል ወይ። ነገ አይቀንስም፣ ማንም ይቀንሳል ቢልህ አትመነው። ሲሚንቶና ብረት ባለበት ዋጋ፣ ባንክ ለአስተማሪ ቤት መስሪያ በቀላሉ በማያበድርበት ሁኔታ ህግ ብቻውን ተአምር አይሰራም። የሚሆነው ሌላ ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ ኦክላንድ የምትባል ከተማ በፈረንጅ 2016 ከመኖሪያ ሰፈሮቿ ሶስት አራተኛ ያህሉ ላይ ከበፊቱ ጠጋ ጠጋ ብሎ መስራት ፈቀደች። የግንባታ ፈቃድ በጣም ጨመረ፣ ኪራዩ ግን ዝቅ አላለም፣ ህጉ ባይቀየር ኖሮ ሊደርስበት ይችል ከነበረው ያነሰ ጨመረ ነው ጥናቶቹ የሚሉት። ይሄ ለተከራይ ትንሽ ነገር እንዳይመስልህ፣ ደመወዝህ ኪራዩን ተከትሎ እንዲደርስበት ጊዜ ይሰጥሃል። እዚህ አገር በ2016 የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ 1320 ደሞ ሌላ መንገድ ነው፣ ውል ከሁለት አመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ቤት ውስጥ ላለ ተከራይ ዋስትና ነው፣ እደግፈዋለሁ፣ ግን አንድም ክፍል አይጨምርም፣ ቤት ፈላጊው አሁንም በር እያንኳኳ ነው።

እናንተ ምን አድርጉ? መጀመሪያ በቃል የተባላችሁትን አትቀበሉ። የፕላን ስምምነት (ቦታው ላይ ምን መስራት እንደሚፈቀድ የሚገልፀውን ወረቀት) በፅሁፍ አውጡ፣ ዝቅተኛ ከፍታው በየትኛው የአካባቢ ልማት ፕላን ላይ መቼ እንደፀደቀ፣ መንገዱ ሲሰፋ ከ280 ካሬው ስንት እንደሚሄድ ይፃፍላችሁ። ብዙ ጊዜ መስኮት ላይ ያለው ሰራተኛ የሚነግርህና ፕላኑ ላይ ያለው አንድ አይሆንም። ሁለተኛ በደረጃ ለመስራት ጠይቁ፣ ዲዛይኑ ሙሉ ሆኖ ምድሩ አሁን ተሰርቶ የኮለኑ (የምሰሶው) ብረት ለሚቀጥለው ወለል ይተው፣ ደሴም ኮምቦልቻም በየጣራው ላይ ብረት ቆሞ የምታየው እኮ ሰው ቤት የሚሰራው እንደዛ ስለሆነ ነው፣ ዘንድሮ አንድ ወለል፣ ልጅ አረብ አገር ሄዶ ሲልክ ሌላ ወለል። አምስቱ ወለል ከአቅም በላይ ከሆነ ወደ ጂ ፕላስ 2 እንዲወርድላችሁ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ሆናችሁ አመልክቱ፣ ለብቻችሁ ሄዳችሁ አንድ አቤቱታ ከሆነ ይታጠፋል፣ የመንገዱ ሰው ተሰብስቦ ሲፈርምበት ግን የፕላን ማሻሻያ ጥያቄ ይሆናል፣ የፕላን አዋጁ 574/2000 ነዋሪው በፕላኑ ላይ እንዲወያይ ያዛል።

አንድ ነገር ደሞ ልብ በሉ። ሶስታችሁም የየራሳችሁ ካርታ እንዲኖራችሁ ከፈለጋችሁ የጋራ ህንፃ አዋጁን 370/1995 አንብቡት። እዛ ላይ የጋራ ህንፃ የሚባለው አምስትና ከዚያ በላይ በተናጠል የሚያዙ ቤቶች ያሉት ነው፣ ወደ ላይም ይሁን ጎን ለጎን በረድፍ የተሰራ። ሶስት ወለል ለሶስት ወንድም ብላችሁ ከሰራችሁ አታሟሉም፣ ካርታው በአባታችሁ ስም ይቀራል፣ ነገ እሳቸው ሲያልፉ (እድሜ ይስጣቸው) ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት መንከራተት ይመጣል። ግን ጂ ፕላስ 2 ሆኖ በየወለሉ ሁለት ሁለት ቤት ከወጣ ስድስት ሆነ፣ አንዱ ለአባታችሁ፣ ሶስቱ ለናንተ፣ ሁለቱ የሚከራይ፣ የኪራዩ ብር ለሚቀጥለው ስራ ይሆናል። ይሄንን ዲዛይኑ ሳይጀመር አሁኑኑ ለአርክቴክቱ ንገሩት፣ ደረጃውና የውሃ ቆጣሪው አቀማመጥ በዛ ነው የሚወሰነው።

አባትህ ግቢ ከኋላ ወደ ዳገቱ የሚጠጋ ከሆነ ደሞ ፈቃዱ እስኪያልቅ አትጠብቁ፣ ሰኔ ሳይገባ የኋላውን ግንብ ሰው ያሳዩት፣ ግንቡ ላይ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ካለው ተደፍኖ እንዳይሆን እዩ፣ ስንጥቅ ካለ ዳርና ዳሩ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉበትና በየሳምንቱ መስፋቱን ተመልከቱ። የፕላን ስምምነቱ ሲወጣ ደሞ የመንገዱን ስፋትና የተፃፈውን የወለል ብዛት ፃፍልኝ፣ ከዛ ላይ ተነስቼ ለማመልከቻው የሚሆነውን አብረን እናስተካክለዋለን።